የእትዬ ሸዋረገድ እርሾ

ውዳሴ የእርሾውን ጣሳ ሊጡ ላይ ልትገለብጥ ስትል እጇን ያዝ አደረገች።

«እትዬ ሸዋረገድ፣ ስንዴ የለበትም አይደል?»

«እኔ ቤት ስንዴ? ነጭ ማኛ ነው! ማንን መሰልኩሽ?» አሉ ጎረቤቷ።

የላፍቶ ፀሐይ የማድቤቱን ቆርቆሮ አግሎታል። ሐኪሙ የውዳሴ ልጅ ስንዴና ገብስ የነካው ነገር እንዳትቀምስ ካዘዘ ወዲህ ምሳዋም እራቷም ድንች ሆኖ ነበር። ዛሬ በስንት ልመና የተገኘው ጤፍ ተቦክቷል፤ እንጀራው እንደደረሰም ቀዝቃዛ የቲማቲም ፍትፍት ሊሠራላት ቃል ተገብቶላታል። ግን የቀበሌው ሱቅ ጤፍ አልቋል እያለ ስንዴ በሚያድልበት በዚያ ዘመን ያልቀላቀለ ቤት አልነበረም፤ ቀላቀልኩ የሚል ሰውም አልነበረም። ውዳሴን መጠራጠሩ ራሱ አደከማት። ጣሳውን እንደገና አዘነበለች።

ይሄኔ ልጅቷ ከደጅ ሮጣ ገባችና ጣቷን ጣሳው ውስጥ ነክራ ወደ አፏ ወሰደችው። እትዬ ሸዋረገድ ከተቀመጡበት ተነሥተው እጇን ቸብ አደረጉት።

«ተይ! አንቺ አትቅመሺው!»

ውዳሴ እርሾውን ሳትጨምር ጣሳውን መሬት አስቀመጠችና ሊጡን ከደነችው። እትዬ ሸዋረገድ ውዳሴን ቀና ብለው ሳያዩ የልጅቷን ጣት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጥፍሯን ሳይቀር ደጋግመው ጠረጉት።

«ፍትፍቱስ?» አለች ልጅቷ።

እትዬ ሸዋረገድ የድንቹን ቅርጫት ወደ ራሳቸው ጎተቱ።

«ቢላሽ የታለ?» አሉ ውዳሴን።