የአቶ ወንድይራድ ወንበር

አቶ ወንድይራድ ሲሞቱ ልጆቻቸው ምንትዋብና ዳምጤ የተጣሉት በካሳንቺሱ ቤት ሳይሆን በመዝናኛ ወንበሩ ነው። ከጎበጠ ኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ የእግር ማሳረፊያ ያለው ወንበር ነበር። አባታቸው «ከአሜሪካ ያስመጣሁት ነው፤ በአገሩ ሁለተኛ የለውም» እያሉ አርባ ዓመት ተንጋለውበታል።

እህትና ወንድም በዚሁ ሰበብ አራት ዓመት ተኮራረፉ። በመጨረሻ እናታቸው አልቅሰው አስታረቋቸውና ወንበሩ ለሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ተስማሙ። ሊረከቡ የመጡት መምህር በፍቅር ዳሰሱት።

«በፈረንጆች አቆጣጠር በሃምሳዎቹ የተነደፈ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ሲቀዳው ኖሯል። ዋናው ከሆነ ከሥሩ የፋብሪካው ምልክት ይኖረዋል» ብለው ገለበጡት።

ምንትዋብ አጎነበሰች። ምልክት የለም። በእርሳስ የተጻፈ የአናጢ ጽሑፍ ግን ነበር።

«እኔ አይታየኝም፤ እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ የኔ ልጅ» አሏት እናቷ።

ምንትዋብ የአባቷ ውሸት እያሳቃት ማንበብ ጀመረች። «የአቶ ወንድይራድ ትእዛዝ። ሁለት ወንበር። አንዱ ለካሳንቺስ ቤታቸው፤ አንዱ ለኮተቤዋ...»

ዳምጤ ከኋላዋ አንገቱን አስግጎ ጨረሰላት፦ «...ባለቤታቸው።»