ድሮን የማይገባበት መናፈሻ

«ድሮኑ አጥሩ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ቀጥ ይልና ይወድቃል» አለ ኃይለልዑል። «ኩባንያው ስንቱን ልኮ ስንቱ ቀርቶበታል! መናፈሻው ውስጥ ካሜራ አይሠራም፣ ሽቦ አይሠራም። የብረት ክንድ ያስተከለ ሰው እንኳ በሩን ሲያልፍ ክንዱ ተመልሶ ሥጋ ይሆናል።»

«በላ እኔ ደጅ ልቀር ነው!» አለ ለታ። በጨዋታው እሱን የሚወክለው ሰው ከወገቡ በላይ ብረት ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ነው፤ ጎባ፣ ከለታ የሞባይል ጥገና ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል። ሦስቱ ጓደኛሞች ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እዚህ እየተሰበሰቡ ይጫወታሉ። ኃይለልዑል ይተርካል፣ ለታና ሰቢሪና ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ የሚወረወረው ዳይስ በሚያሳየው ቁጥር ይፈርዳል። የጨዋታው ከተማ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ያሉት ሮቤና ጎባ ናቸው። ገጥመው አንድ ሆነዋል፤ ስንዴ ይታጨድበት በነበረው ሜዳ ላይ ጫፉ የማይታይ የኩባንያ ሕንፃ ተገትሯል።

ኃይለልዑል በሥራ ቀን የከተማ ፕላን ነው የሚሥለው። ለጨዋታው ካርታ ሲያስፈልገው መንገድ መፍጠር ታከተውና የቢሮውን ፕላን መስኮት ላይ ለጥፎ፣ ወረቀት ደርቦ ገለበጠው። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ወንዙ ዳር ያለውን አረንጓዴ ቦታ ጥቅምት ላይ ኮምፒውተሩ ላይ ያሰመረው ራሱ ነበር፤ አለቃው ከኋላው ቆሞ «ትንሽ ወደዚህ ዘርጋው» እያለው። ከሥሩ የማን ግቢ እንዳለ ያውቃል። ፕላኑ ገና ስላልጸደቀ ከቢሮ እንዳይወጣ ሁሉም ፈርመዋል። መናገር ሲያቅተው ቦታውን በጨዋታው አስማታዊ አደረገው። እዚያ እንኳ ማንም እንዳይነካው።

ሰቢሪና በጨዋታው እሷን የምትወክለውን ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ ካርታው ላይ በጣቷ እየገፋች ነው። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ እጇ ችኮላ አያውቅም። «ከመስጊዱ እወርዳለሁ። አንደኛውን ቅያስ አልፋለሁ። ሁለተኛው ጋ እታጠፍና...» ቁልፉ ቆመ። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የኛ ሰፈር ነው እንዴ?»

ኃይለልዑል ጆሮው ጋለ።

«ወላሂ የኛ በር ነው! ለታ፣ ና እየው! እኛን ጨዋታው ውስጥ ከተተን!» ሳቋ ክፍሏን ሞላው። «የአዴ ግቢ ተአምር ሊሠራ! አንተ፣ እንዲህ ታስብልናለህ ለካ?» ስልኳን አውጥታ ካርታውን ልታነሣ አስተካከለች። «ላሳያት። ነገ ወለል ይፈሳል ብላ ዛሬ ሙሉ ቀን ስትባዝን ነው የዋለችው።»

«የምን ወለል?»

«የኋለኛው ክፍል ነዋ፣ ለተማሪዎች የሚከራየው። አጎቴ ትናንት ሲሚንቶውን በአይሱዙ አምጥቶ አራገፈ። ሠራተኞቹ በጠዋት ይገባሉ።»

ዝም ማለት ይችላል። ዝም ካለ ያ ሁሉ ሲሚንቶ ነገ መሬት ይገባል፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ዶዘር ይመጣበታል። ከተናገረ ወሬው ቢሮ ይደርሳል፤ እሱም እናቱም የሚኖሩት በዚያች ደመወዝ ነው። ሰቢሪና አዴ የምትላት እናቷ እትዬ ሀዋኒ ደግሞ የእነሱን ሥጋ እንደማይበላ ስለምታውቅ፣ አረፋ በመጣ ቁጥር ለእሱ ለብቻው በቅቤ የታሸ ጭኮ የምታስቀምጥ ሴት ናት።

«ከዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ ይነሣል» አለ በተራኪ ድምፁ። «‹እዚህ ግቢ ሲሚንቶ እንዳታፈሱ› ይላችኋል።»

«ልናሳምነው እንሞክር?» አለ ለታ ዳይሱን እያሻሸ። ሰቢሪና አሁንም ትስቃለች።

ኃይለልዑል ዳይሱን ከለታ እጅ ወሰደው። «ጨዋታ አይደለም፣ ሰቢ። ካርታው የቢሮ ነው። አረንጓዴው እውነት ነው፤ ግቢያችሁ ለመናፈሻ ተይዟል። ነገ እንዳታፈሱ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ጥቅምት።»

«አሁን የካቲት ነው።»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀችውም። እናቷ ጋ ደወለችና ስልኩን ካርታው ላይ አስቀመጠችው። ማድመጫው ከተበላሸ ሰንብቷል፣ በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው የምታወራው። በኦሮምኛ ባጭሩ ነገረቻት። ኃይለልዑል አንድም ቃል አላመለጠውም፤ ባመለጠው ደስ ባለው።

ከወዲያ እትዬ ሀዋኒ «ማነው የነገረሽ?» አለች።

ሰቢሪና ቀና ብላ አየችው። ተቀይማዋለች፤ ቅያሜዋን ለመደበቅም አልሞከረችም። «የሚያውቅ ሰው ነው፣ አዴ። ስሙን አትጠይቂኝ፣ እንጀራው ነው።»

«ማንም ይሁን» አለች እናትየው። «ረቢ፣ ፈጣሪዬ፣ ዕድሜ ይስጠው። የሚጠላው አይይበት። ቤቱ አይፍረስበት።»

«አሚን» አለች ሰቢሪና።

«አሚን» አለ ለታ፤ ትልቅ ሰው ሲመርቅ ዝም አይባልም።

ሁለቱም ወደ ኃይለልዑል ዞሩ። ድምፁን ካሰማ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ሰቢሪና እንዳይናገር ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሱ ግን መስመሩን ያሰመረው በገዛ እጁ ነው፤ ይህን ምርቃት ተደብቆ መውሰድ አሳፈረው።

«አሜን» አለ።

«ኃይሌ?» አለች እትዬ ሀዋኒ። «ልጄ፣ አንተ ነህ?»