የሙንተሲር የብር ውሃ

ከዋሸሁ የሐይቅ ውሃ ሽቅብ ወደ ላይኛው ሐይቅ ወደ አርዲቦ ይፍሰስ፤ ይህ እንደ ወረደ እውነት ነው። ሙንተሲር የጠርሙሱን ክዳን ፈቶ ኩሬው አፋፍ ላይ ቆሟል። ከጂዳ እንደተመለሰ ሐይቁ ዳር ኩሬ ቆፍሮ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ጨመረበት፤ ያለው ጥሪት እነሱ ናቸው። ውሃው ግን አረንጓዴ ሆኖ አሳፈረው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ብር ነው፤ ደቆ ደቆ፣ ከዱቄትም አልፎ፣ ዓይን የማያየው ብር። የሸጠለት ሰው ውሃ ያጠራል ብሎታል።

«ብር ይዞ መጣ ሲሉ የሚቆጠር መስሎኝ» ይላል ጎረቤቱ ሀሚዱ፣ አጥሩን ተደግፎ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ውሃ የምታጠናው የአክስቱ ልጅ ኑርሀያት ክንዱን ያዘችው። ጫጩቶችህ የሚበሉትን ሳታይ አትደፋም አለችው። ከኩሬው በሁለት ትንንሽ የመስታወት ሳህኖች ቀድታ፣ ማይክሮስኮፗን ድንጋይ ላይ አደላደለችለት።

ሙንተሲር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። ያ ጉንጭ የማይሞላ ውሃ ከሐይቅ ከተማ ገበያ የበለጠ ሕዝብ ይዟል። አንዱ በጠጉሩ ይቀዝፋል፣ ሌላው እንደ ባጃጅ ጎማ ይሽከረከራል። አንዲቷ ደግሞ ልጆቿን አዝላ ትዘላለች፤ ልቧ ሲመታ በቆዳዋ ውስጥ ይታያል።

«ሱብሃነላህ» አለና ከዚያ አልነሳም አለ። ሀሚዱ ተራ ይድረሰኝ እያለ በክርኑ ጎሸመው።

ኑርሀያት ከጠርሙሱ አንዲት ጠብታ ወደ ሁለተኛው ሳህን ጨመረች። ዙህር ሰግደው ሲመለሱ የመጀመሪያው ሳህን እንደ ገበያው ይተራመሳል። ሁለተኛው ውስጥ ግን ሁሉም ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ልጆቿን ያዘለችውም ልቧ ቆሟል።

ሙንተሲር ጫጩቶቹን አየ፤ ሊያስርባቸው ኖሯል።

«ኩሬህ ሲሞላ የት ነው የሚፈሰው?» አለችው ኑርሀያት።

ቦዩን በዓይኑ ተከተለው፤ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ይታያል፤ መሃል ላይ አንድ አጥማጅ መረቡን እየጎተተ ነው። ክዳኑን አጥብቆ ጠርሙሱን ለኑርሀያት ሰጣት።

ከዚያ ያን ሕይወት ያለበትን ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ኩሬው ዳር ተንበረከከ። እንግዳ እንደሚያስገባ ባለቤት «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ቀስ አድርጎ አዘነበለው።

«እንቦሳ እሰሩ» ያለው ግን የእኔ ጭማሪ ነው። እሱ የሳህኑ ውሃ ካለቀ በኋላም እንዳዘነበለው ቆየ።