የእትዬ አረጋሽ ሱቅ በዙሪያው መንገድ

«በዚህ አይሆንም» አለች እትዬ አረጋሽ ከኋላችን። «ትንባሆ በደጁ አላሳልፍም።»

ስምንት ሆነን የቆርቆሮ ሱቋን በሁለት አጣና ተሸክመን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ደርሰናል።

«ባዶ ነው እኮ» አላት ከፊቴ የተሸከመው ገዱ። ሲጋራውንም የትንባሆ ቅጠሉንም በጆንያ አድርጋ ራሷ አዝላዋለች።

«እንጨቱ ጠጥቶታል። እስቲ አሽትተው።»

እውነቷን ነው፣ ጆሮዬ ሥር ያለው ሳንቃ ይሸታል። ግን በደጁ በኩል ቢሆን ይቀለን ነበር፤ ዙሪያው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። አዲሱ ቦታ ከላይ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው። አሮጌውን ቦታ ነገ ጠዋት ግሬደር ይጠርገዋል፤ ሱቁ ዛሬ በደህና ካልደረሰ እትዬ አረጋሽ ሌላ እንጀራ የላትም። ታዲያ ይህን እያወቀች ዳገት ታስወጣናለች? እኔ ለቱሪስት በቅሎ የምነዳ ሰው ነኝ፤ በቅሎዬን እንኳ እንዲህ አልጭናትም።

እያጉረመረምን ታጠፍን። ምን እናድርግ፣ እሷን እምቢ የሚላት የለም። የሚያስል ሰው ሲጋራ ሊገዛ ሲመጣ «ሂድ ማር ላስ» ብላ ባዶ እጁን የምትመልስ ትንባሆ ነጋዴ ናት። ከተራራው፣ ከጨነቅ ካምፕ ጉንፋን ይዞኝ በወረድኩ ቁጥር እኔንም መልሳኛለች። እንዲህ ያለ ነጋዴ ደባርቅ ውስጥ ሌላ ካለ አሳዩኝ።

ዳገቱ መሐል ገዱን አዳለጠውና እግሩን ወለም አለው። እሱ ሲለቅ የፊቱ ማዕዘን ዘመመ፣ ሚስማር ሲነቀል ሰማሁ። እዚህ ካወረድነው ይበታተናል።

አባ ገብረ ኪዳን በዚያው ሰዓት ከላይ እየወረዱ ነበር። በየእሑዱ ትንባሆን የሚያወግዙት ቄስ ማለት እሳቸው ናቸው። አዩን፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ትከሻቸውን ሊሰጡ ወደ አጣናው ተጠጉ።

እትዬ አረጋሽ ጆንያዋን ለገዱ አስታቅፋ ከፊታቸው ቆመች። «አይንኩት፣ አባ። ነገ ቅዳሴ አለብዎት፣ ሽታው አይለቅም።»

«ሊወድቅብሽ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«አይወድቅም።»

ነጠላዋን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ገዱ በለቀቀው ቦታ ገባች። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት። አጣናው ቀና ሲል ተሰማኝ። ወይ አረጋሽ፣ ወኔ ማለት ይህ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ በኋላ ማን ይደክማል? ሁላችንም ገፋን።

አባ አዩዋት። በስብከታቸው «ያቺ ትንባሆ ሻጭ» ይላሉ እንጂ ስሟን ጠርተው አያውቁም። ዞረው ከፊታችን ገቡና በመቋሚያቸው ድንጋዩን ከመንገዱ እየገፉ ሽቅብ መሩን።

ዳገቱ አለቀ። ሱቁ እንዳለ ነው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህል የጫኑ አህዮችና ባለቤቶቻቸው መንገዱን ዘግተውታል።

አባ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ።

«ዞር በሉ» አሉ። «የአረጋሽ ቤት እየመጣ ነው።»