ኖኅ መርከብ የገባበት ቀን

የደብራችን ሰበካ ጉባኤ አባላት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ለምሳ መሻገራቸውን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።

ምሳው እንዲሁ ምሳ ብቻ አልነበረም። አጿማትንና በዓላትን ለምእመናን የሚያስታውቀው ሰው የሚመረጠው እዚያው ነው። ዕጩዎቹ አቶ ጸዳሉና አቶ እንግዳሸት ናቸው፤ ዘመን በመቁጠር የበለጠ ያሸንፋል።

«የጾም ነው የፍስክ?» አለች አስተናጋጇ።

«የፍስክ!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ዓይናቸውን ከተከራካሪዎቹ ሳይነቅሉ።

ማቱሳላ የሞተው ከጥፋት ውኃ በፊት ነው፣ የለም በዚያው ዓመት ነው ሲባባሉ ጥብሱ መጣ። ኖኅ መርከብ የገባበት ቀን ላይ ሲደርሱ ግማሹ አልቋል።

«እሑድ ነው» አሉ አቶ ጸዳሉ።

«ኧረ ጋሽ ጸዳሉ፣ ይተዉ እንጂ!» አሉ አቶ እንግዳሸት እየጎረሱ። «ቀላል እኮ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል? ከዛሬ ወደ ኋላ ሲቆጥሩት...»

ትሪው ላይ የነበረው እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ሊቀመንበሩ የጎረሱትን አላኘኩም፣ አልተፉምም።

«ዛሬማ ሐሙስ ነው» አሉ አቶ ጸዳሉ ቀስ ብለው።

«ሐሙስ ነው እንጂ!» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ዋጡም።

አቶ ጸዳሉ ወዲያው በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። አቶ እንግዳሸትም እጃቸውን አውጥተዋል።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከአጥሩ ማዶ የረቡዕ ጾም ቅዳሴ ደወል ተደወለ።