አየር የማያስገባው ጡጦ

የከተማው አየር ከተበላሸ ወዲህ ሕፃናት ዓመት እስኪሞላቸው የሚያድጉት በመስታወት አልጋ ውስጥ ነው። አልጋው የሚከፈተው ሕፃኑ ሆዱን ነፍቶት ሲያለቅስ ብቻ ነው፤ ያውም እስኪያገሳ ድረስ።

የትርሲት ወንድም እዮስያስ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ሆዱ ከበሮ ነው። ጠብቶ ባበቃ ቁጥር ይጮኻል፣ አልጋው ይከፈታል፣ እሷም ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች። አንገቷ ሥር ሲተነፍስ ዓለም ሁሉ የሷ ይመስላታል።

ዛሬ እናቷ አዲስ ጡጦ ገዝታ መጣች።

«ይሄኛው አየር አያስገባም። ከእንግዲህ ቁርጠት የለም!»

«አሮጌው ምን አለው እማ? ለምዶታል እኮ።»

«የለመድሽውስ አንቺ ነሽ! በይ፣ የምታጠቢው አንቺ ነሽና የፈለግሽውን ምረጪ።»

ትርሲት እጇን ወደ አሮጌው ሰደደች። ጠዋት እግሮቹን ሆዱ ላይ አጣጥፎ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ሲንሰቀሰቅ ትዝ አላት። ለራሷ «ወይ መከራዬ!» ብላ ወተቱን አዲሱ ላይ ገለበጠችው።

በአልጋው የማጥቢያ ቀዳዳ በኩል ጫፉን አጎረሰችው፤ ጡጦውንም ዘንበል አድርጋ ያዘችለት። እዮስያስ ጥርግ አድርጎ ጠባ። እሷም እንደ ልማዷ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ዘርግታ ጠበቀች። አላለቀሰም። ፈገግ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።

«ፎጣውን አንሺው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች እናቷ።

«ቆይ እማ፣» አለች ትርሲት ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ «አንዴ እንኳ ቢያገሳ ብዬ ነው።»