የወይዘሮ ፏፏቴ ስልክ ቁጥር

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ሱቅ አላት። አንዱን ራሷ ትይዛለች፤ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ያለውን ደግሞ ጨርቅ የሚቆርጥላት ሠራተኛ ይዞላታል። የደንበኞች ልኬት በየሱቁ ካርድ ላይ እየተበታተነ ስላስቸገራት፣ ሁሉንም አንድ ላይ የሚይዝ ዳታቤዝ ልትገዛ ቆረጠች።

«ሳይሞከርማ አይገዛም» አለች ኮምፒውተር የተማረችው ታናሽ እህቷ። ሦስት ዳታቤዞች ለሙከራ አመጣችና የሁለቱንም ሱቅ ካርዶች አስገባችባቸው።

የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ግን በፊደል ግትር ሆነ። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችውን ደንበኛ «ጸሀይ» ብለው ቢፈልጓት አላውቃትም አለ። ቀጥላ እህትየው በአንድ ስልክ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው እንዳለ ጠየቀችው። አንድ አገኘ።

የልብስ ሰፊዋ ባል ስልክ ነው። እዚህ ሱቅ ኮት አሰፍቶበታል። እዚያኛው ሱቅ ግን በዚሁ ቁጥር የተመዘገበችው «ወይዘሮ ፏፏቴ» ናት። ቀይ የራት ቀሚስ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ።

«ተበላሽቷል፤ ሌላውን ክፈቺ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሁለተኛው ፊደል አያማርጥም፤ ግን አንድ ስም እስኪያወጣ ሰው ያዛጋል። እያዛጉ ጠበቁት። ወይዘሮ ፏፏቴ!

«ይሄም ቀጣፊ ነው!»

ሦስተኛው ፈጠነም፣ ፊደሉንም ይቅር አለ። ጭራሽ ሴትዮዋ ቀሚሱን የምትለካበትን ቀን ጨመረበት፦ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ስብሰባ አለኝ ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ስንት ዘመን የተንከባከበውን ሪዙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። መስታወት ፊት ቆሞ ብቻውን ሲስቅም ይዛዋለች።

ልኬቱን አየችው። «ይቺ ሴት ናት ወይስ ቁም ሳጥን? እኔ በዚህች ልለወጥ?»

እህትየው ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እና እትዬ፣ ሦስተኛውን እንግዛው?» አለች።

«መጀመሪያ ባሌን ልፍታ!»

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህትማማቾቹ የዚያኛውን ሱቅ በር በርግደው ገቡ። ቆራጩ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ክው አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ይሰማል። የባሏ ሳቅ ነው።

«ነይ ውጪ፣ አንቺ ፏፏቴ!» ብላ መጋረጃውን በሙሉ ኃይሏ ሳበችው።

«ወይ ጉድ! ቲያትሩ መድረክ ላይ ወይዘሮ ፏፏቴን ሆኜ ስታዪኝ እንድትደነቂ ነበር እኮ ያሰብኩት» አለ ባሏ፣ ቀዩን ቀሚስ ትከሻው ላይ እየጎተተ፤ «በቃ፣ አንዴ አይተሽኛል፤ ነይ ዚፑን ዝጊልኝ።»